ጎተራውን ወፍጮ ቤት የወሰድኩ ጊዜ

ዛሬ ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ እንደኔ መንዝ ያላችሁ ደግሞ ባናችሁን ደረብ አድርጋችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚማር፣ ኢንቦክስ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኢንስትራክተራችን ከዳታቤዝ የመጣውን ዳታ በቀጥታ ለገጹ አትስጡ፣ ሌላ ክላስ ሠርታችሁ የሚያስፈልገውን ወደዚያ ገልብጡና እሱን ስጡ ይለናል። ያንኑ ስም፣ ያንኑ ማርክ ሦስት ቦታ መጻፍ ምን ይሉታል? ዝም ብሎ ሥራ ማብዛት አይደለም?»

«አዎ፣ ሥራ ያበዛል» ብዬ ጀመርኩለትና አጠፋሁት። የኔ መልስ በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም። ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ደግሞ የራሴ ጥፋት ስለሆነ እስካሁን ከሁለት ሰው በላይ አልነገርኩትም። ስለዚህ ለሱም ለሌሎቻችሁም እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ከሙያው ውጭ ላላችሁ። በብራውዘር የሚከፈት ፕሮግራም ስንሠራ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ አናቦካውም። ሥራውን በእርከን እንከፍለዋለን። ላይ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ አለ። መሐል ጥያቄ የሚቀበል፣ የሚያሰላ፣ የሚፈቅድና የሚከለክል ክፍል አለ። ታች ዳታው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ አለ። መጻሕፍቱ ሌየር ይሉታል። እኔ ክፍል ውስጥ እርከን እያልኩ ነው የማስተምረው፤ የኛ አገር ልጅ እርከን ሲባል እናትና አባቱ ድንጋይ እየተሸከሙ ተዳፋቱ ላይ የሠሩት ነው ዓይኑ ላይ የሚመጣው። እርከን የሚሠራው ደግሞ ውሃው ሁሉንም ይዞ እንዳይወርድ ነው። ይህን ምሳሌ ያገኘሁት ግን ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ አሁን ካለሁበት ትምህርት ቤት በፊት በነበርኩበት ነው። እዚሁ በኛው ደጋ ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም።

መምህራን ሮስተር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሴሚስተር ሲያልቅ እያንዳንዱ መምህር ማርክ ሊስቱን ለክፍል ኃላፊው ይሰጣል። ክፍል ኃላፊው ሮስተር ላይ ይገለብጣል፣ ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ካርድ ይሞላል። ስልሳ ምናምን ተማሪ፣ አሥር ምናምን ትምህርት። አንድ ልጅ ላይ የተሳሳተ ድምር የሃያ ልጅ ደረጃ ያንሸራትታል፤ ከዚያ ፍሉድ ፍለጋ ነው። በካልኩሌተር፣ በሻማ፣ እጅ በብርድ ደንዝዞ።

እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ኮሌጅ የተማርኩት ኔትወርክ መዘርጋትና ኮምፒውተር መጠገን ነበር። ፒኤችፒ እና ማይኤስኪውኤል የሚባሉትን የለመድኩት ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር በፍላሽ ጭኜ በማመጣቸው ፒዲኤፎች ነው። በዚህች ዕውቀቴ ተነሳሁና ላብ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ደህናውን መርጬ ሰርቨር አደረግኩት። ኢንተርኔት አላስፈለገም፤ አንዲት ራውተር ሰካሁ፣ መምህራን በስልካቸው ዋይፋይ ይዘው ማርክ ያስገባሉ፣ ድምሩም ደረጃውም ራሱ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ያው እንጠብቃለን።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ የመረቀኝ ብዛት! አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ግንባሬን ሳሙኝ። ምን ልበላችሁ፣ ሰው በዲፕሎማው ማነስ ሲሸማቀቅ ኖሮ እንዲህ ሲመረቅ ልቡ ያብጣል። ልቤ አበጠ። ቀጥሎ ተማሪዎች ውጤታቸውንና የክፍላቸውን ደረጃ ላብ ገብተው እንዲያዩ ገጽ ሠራሁ።

ሪከርድ ክፍሉ የተማሪዎቹን መዝገብ በኤክሴል ሰጥቶኝ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓምድ አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ ቀበሌ፣ አሳዳጊ፣ ስልክ እያለ ይቀጥልና መጨረሻው ላይ «ልዩ ማስታወሻ» የሚል አለ። ክፍል ኃላፊዎች በደግነት የሚጽፉት ነው፤ ማን ደብተር ቢረዳ፣ ማን ራቅ ካለ ቦታ ስለሚመጣ ቢያረፍድ እንዳይቀጣ፣ ማን ጤናው እንዴት እንደሆነ። ሁሉንም እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ከተትኩት።

ጥፋቱ ይኸውላችሁ። የደረጃው ገጽ ሲከፈት ፕሮግራሜ ዳታቤዙን የሚለው «የዚህን ክፍል ተማሪዎች ሁሉንም አምጣ» ነበር። ኮድ የምትጽፉ ሴሌክት ስታር የምትሉት። የመጣውን ሠላሳ ምናምን ዓምድ እንዳለ ወደ ጄሰን ቀይሬ ለብራውዘሩ እልካለሁ። ገጹ ከዚያ ውስጥ ስም፣ አማካይና ደረጃ ብቻ መርጦ ያሳያል። ዓይን የሚያየው ሦስት ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ግን ሙሉ መዝገቡ ነው።

እና ያን ሰሞን ራሴው ለአሥረኛ ክፍሎች ኤፍ 12 ሲጫን ብራውዘሩ ከሰርቨር የተላከለትን ነገር ሁሉ እንደሚያሳይ አስተምሬ ነበር። በደስታ ነው ያስተማርኩት። ከሁሉም ፈጣን የነበረው ልጅ በሳምንቱ ላብ ገብቶ የክፍሉን ደረጃ ከፈተና ኤፍ 12 ተጫነ። ያየውን ለሁለት ጓደኞቹ አሳየ። ዓርብ ዕለት ቧንቧው ጋ አንዲት ልጅ በስሟ ሳይሆን «ድጋፍ» እየተባለች መጠራት ጀመረች። ማስታወሻዋ ላይ አባቷ በሕይወት እንደሌሉና ደብተርና ዩኒፎርም በድጋፍ እንደተሰጣት ተጽፎ ነበር።

ልጅቷ ሰኞ ዩኒፎርሙን ሳትለብስ መጣች። ያለ ዩኒፎርም መግባት አይቻልምና ጥበቃው መለሳት። ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም። ክፍል ኃላፊዋ ሲጠይቅ ሲጠይቅ ነገሩ ወደ ላብ፣ ከላብ ወደ እኔ መጣ።

ልጁን ጠራሁት። ቁጣዬ ከሱ ጋር ነበር መጀመሪያ፣ አልዋሽም። «የሰው መዝገብ ሰርስረህ ትገባለህ?» አልኩት። እያለቀሰ ምን አለኝ? «ቲቸር፣ እኔ አልሰረሰርኩም። ራሱ ነው የላከልኝ።»

እውነቱን ነው። የይለፍ ቃል አልሰበረም፣ ቁልፍ አልፈታም። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ሳይጠየቅ አምጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ሆነን እቤቷ ሄድን። ከትምህርት ቤቱ የአንድ ሰዓት ከምናምን የእግር መንገድ ነው፣ ነፋሱ ፊት የሚገርፍበት ሜዳ። እናትየው ቂጣና አሬራ አቀረቡልን፤ ሳንቀምስ ማውራት አልተቻለም። ምንም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ነው ያሉት፦ «መምህር፣ እኔ ይህንን የነገርኩት ለኚህ ለጓደኛዎ ነው። ደብተራቸው ላይ ሲጽፉት አይቻለሁ። ደብተር ዝም ይላል ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ልተርክላቸው ነው?

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ጊዜ ይህ ለምን አልሆነም? ማስታወሻው ያኔም ነበረ እኮ። በክፍል ኃላፊው ደብተር ላይ ነበር፤ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከደብተር ወደ ሮስተር ሲገለበጥ ማስታወሻውን ማንም አይገለብጥም፤ ሮስተሩ ላይ ቦታ የለውም። ከሮስተር ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ደግሞ የሚሄደው ስም፣ አማካይና ደረጃ ብቻ ነው። መምህሩ የመረጃ ጥበቃ ኮርስ ወስዶ አይደለም። እጁ ስለሚደክም ነው! ስልሳ ምናምን ልጅ በእጁ የሚገለብጥ ሰው የማያስፈልግ አንዲት ቃል አይጨምርም። የወረቀቱ አሠራር ከደብተር እስከ ሰሌዳ እርከን ነበረው፤ በየእርከኑ መሐል ደግሞ የሰው እጅ ድካም ወንፊት ሆኖ ቆሞ ነበር። እኔ ድካሙን አጠፋሁ ብዬ ስመረቅ ወንፊቱንም አብሬ አጥፍቼዋለሁ። ኮምፒውተር ሦስት ዓምድ መገልበጥና ሠላሳ ዓምድ መገልበጥ እኩል ነው ለሱ፤ እጁ አይደክምም።

እንግዲህ ተማሪዬ የጠየቀኝ «ሌላ ክላስ» ያ ወንፊት ነው። በሙያው ዳታ ትራንስፈር ኦብጀክት፣ ባጭሩ ዲቲኦ ይባላል። ማርቲን ፋውለር በ2002 እ.ኤ.አ ባሳተመው የኢንተርፕራይዝ አፕሊኬሽን አሠራር መጽሐፉ ላይ አለ። የሚገርመው እሱ ያቀረበው መጀመሪያ ለሌላ ምክንያት ነው። በኔትወርክ ማዶ ያለን ሰርቨር አንድ አንድ ነገር እየጠየቁ መመላለስ ውድ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገውን በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ለማምጣት ነው።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ ወፍጮ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ነበር። እናቴ ገብሱን ከጎተራ ትቀዳና ስልቻ ውስጥ ትከታለች፣ አህያዋ ላይ እንጭናለን፣ እኔ እነዳለሁ። ማንም ሰው አንድ ቁና ይዞ ሄዶ፣ አስፈጭቶ፣ ተመልሶ ሌላ ቁና አይወስድም፤ መንገዱ ይጨርሰዋል። ፋውለር የሚለው ይሄን ነው። ግን ደግሞ ማንም ሰው ጎተራውን ነቅሎ አህያ ላይ አይጭንም! ጎተራው ውስጥ ዘር አለ፣ ለክረምት የተቀመጠ አለ፤ ጎረቤት ምን ያህል እንዳለን አይቶ አያውቅም፣ ባለወፍጮውም ማወቅ የለበትም። ባለወፍጮው የሚያየው ስልቻዋን ነው። ዲቲኦ ስልቻ ነው። እኔ ጎተራውን ነው ወፍጮ ቤት የወሰድኩት።

አሁን ወደ ጥገናው። እዚህ ላይ ኮድ የምትጽፉ ልብ በሉ፤ ከኔ የመጀመሪያ ሁለት ሙከራዎች የምትማሩት ይኖራል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሞኝነት ነው፦ ገጹ ላይ ማስታወሻውን የሚደብቅ መስመር ጨመርኩ። መደበቅና አለመላክ የተለያዩ ናቸው፤ ለዚያ ልጅ ኤፍ 12 ምን ሊደበቅለት ነው። በዚያው ቀን ገባኝና ሁለተኛውን አደረግኩ፦ ሁሉንም አምጣ፣ ከመላክህ በፊት «ልዩ ማስታወሻ»ን አውጣ። ይሄ ለአንድ ሴሚስተር የሠራ መሰለኝ። ከዚያ ሪከርድ ክፍሉ «ተጠሪ ዘመድ ስልክ» የሚል አዲስ ዓምድ አስጨመረኝ። አዲሱ ዓምድ በአውጣው ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ማንም ሳያዘው ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ወጣ። ደግነቱ ያን ጊዜ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ነው የጸናው፤ የሚቀረውን ሳይሆን የሚሄደውን በስም መጥራት። ለደረጃ ገጽ የሚሄደው ስም፣ የአባት ስም፣ አማካይ፣ ደረጃ ነው፤ አራት። ለክፍል ኃላፊ ገጽ የሚሄደው ሌላ ስልቻ ነው፤ ማስታወሻው እዚያ አለ። ለካርድ ማተሚያው ሌላ። ነገ መዝገቡ ላይ አርባ ዓምድ ቢጨመር ስልቻዎቹ አያብጡም። አዲስ ነገር እንዲወጣ የግድ ሰው ቁጭ ብሎ ስሙን መጻፍ አለበት። ያቺ ያጠፋኋት የእጅ ድካም በትንሹ ተመለሰች ማለት ነው፤ እና ሆን ብዬ ነው የመለስኳት። ዳታቤዙንም ቢሆን ከዚያ ወዲህ «ሁሉንም» ብዬ አልጠይቀውም።

የመግቢያውን በር ያሳየኝ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ያው ልጅ ነው። ካለቀሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮ መጥቶ «ቲቸር፣ ሌላም አለ፤ ግን እርስዎ እያዩኝ ላሳይዎት» አለኝ። ተማሪዎች የራሳቸውን ስልክ ቁጥር የሚያስተካክሉበት ትንሽ ፎርም ነበረችኝ። ፎርሟ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ናት። እሱ ግን ብራውዘሩ ውስጥ በእጁ ሁለተኛ ሳጥን ሠራላትና «አማካይ 100» ብሎ ላከ። ሰርቨሩም እሺ ብሎ መዘገበ! ምክንያቱም ፕሮግራሜ ከፎርም የመጣውን ሁሉ እንዳለ ተቀብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፍ ነበር። ስትወጣ ያልተፈተሸች አህያ ስትገባም አልተፈተሸችም።

በዚህስ ብቻዬን እንዳልሆንኩ በኋላ አነበብኩ። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ ኢጎር ሆማኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ጊትሃብ ላይ ልክ ይህንኑ አሳይቷል። ፎርም ላይ ያልነበረ መስክ ጨምሮ በመላክ ሬይልስ የተባለው ትልቅ ፕሮጀክት ውስጥ የመጻፍ መብት ላገኘ ሰው ቁልፉን አስገባ። ቀድሞ ለሬይልስ ሠሪዎች ስለ ችግሩ ነግሯቸው ነበር፤ ችላ ስላሉት ነው ያሳያቸው። ላራቬል የምትሠሩ፣ ሞዴል ላይ ፊለብል ብላችሁ የምትዘረዝሩት ነገር ለዚህ ነው። ሳታውቁ ሁሉንም ክፍት የምታደርጉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ፕሮጀክታችሁን ስትልኩልኝ አያለሁ እኮ።

ያንን ልጅ አልቀጣሁትም። ዳይሬክተሩ ይቀጣ ብለው ነበር፤ «ከተቀጣ አብሬ ልቀጣ» አልኩ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ልጅቷ ፊት ቆሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ግን አድርጌአለሁ። ከዚያ ቀጥሎ እኔ ጠየቅኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ዳታ ከእርከን እርከን ሲያልፍ ምን ያህል ይለፍ ብቻ ሳይሆን በምን መልክ ይለፍ የሚለውም ጥያቄ ነው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይሄ ከሌላው ይብስብናል። ቀኑን እዩት። ገጹ ላይ ተማሪው የሚያስገባው በኛ አቆጣጠር ነው። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። እኔ ገጹ ላይ አንድ ጊዜ ቀየርኩ፤ መቀየሬን ረስቼ መሐል እርከን ላይ ደግሜ ቀየርኩ። በ2000 ዓ.ም የተወለደ ልጅ መጀመሪያ 2008፣ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨምሮበት 2015 አካባቢ ሆነ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በአንዴ የታናሽ እህቱ ታናሽ ሆኖ ወጣ። ጳጉሜን 3 የተወለደችውን ደግሞ ማይኤስኪውኤል ጭራሽ አልቀበልም አለ፤ 13ኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም።

ናሳ እንኳ በዚህ ተሸውዷል፤ በ1999 እ.ኤ.አ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ሶፍትዌር የግፊቱን ቁጥር በእንግሊዝ መለኪያ ሲልክ ተቀባዩ በሜትሪክ መስሎት ስለወሰደው ነው። ቁጥሩ ብቻ አለፈ፤ የምን ቁጥር እንደሆነ አብሮ አላለፈም። አሁን የኔ ደንብ እንዲህ ነው፦ የሚቀየረው አንድ በር ላይ ብቻ ነው፤ ውስጥ የሚዞረው አንድ ዓይነት ነው፤ የመስኩ ስም ራሱ «የትውልድ ቀን ኢ» ወይም «የትውልድ ቀን ፈ» ይላል። አስቀያሚ ስም ነው። ግን ማንም ደግሞ አይቀይረውም።

ስምም እንደዚያው። አንዴ አንድ መምህር ሮስተር አትሞ እየሮጠ መጣ፤ ስልሳ ምናምን ተማሪ በሙሉ «????? ?????» ሆነዋል። ማርኩ በሥነ ሥርዓት ተቀምጧል፣ ባለቤቶቹ የሉም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ ጀምሮ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ግን ገጹ ዩቲኤፍ-8፣ ዳታቤዙም ዩቲኤፍ-8 ሆኖ በመሐላቸው ያለው ግንኙነት ሌላ ከሆነ መንገድ ላይ ይጠፋል። በሁለቱ ጫፍ መስማማት አይበቃም፤ መንገዱም መስማማት አለበት።

«ኃይሌ» ደግሞ አለላችሁ። አንዱ መምህር «ኃይሌ»፣ ሌላው «ሀይሌ»፣ ሌላው «ሃይሌ» ብሎ ይፈልጋል። አንዳንድ ልጆች (እኔም አድርጌዋለሁ) ስሙን ራሱን ወደ አንድ ሆሄ ይለውጡና ያስቀምጡታል። አታድርጉ! የሰው ስም አባቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ፊደል ስትለወጥ ልጁ ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ ታውቃላችሁ። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሆሄው የተስተካከለ ሁለተኛ መልክ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ እሱ ወደ ገጽ አይወጣም። በዚያው ደግሞ ከውጭ በመጡ ፎርሞች «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ የአባትን ስም እየጨመቅን መኖር የለብንም፤ ሦስት ስም ካለን ሦስት መስክ ነው።

ለወላጅ ኤስኤምኤስ ስትልኩ ደግሞ ሌላ ስልቻ ያስፈልጋል፦ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ይይዛል፣ በኛ ፊደል 70 ብቻ። ሰባ ፊደል ውስጥ ስም፣ አማካይና ደረጃ ከገባ ተመስገን ነው።

ይሄ የገጠር ትምህርት ቤት ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። ፋይዳ መታወቂያ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ማንነት ሲያረጋግጥ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የሰውየውን መረጃ በፈቃዱ የሚሰጥ ነው። ሌላኛው ግን «ይህ ሰው ነኝ ያለው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ይመልሳል። ስምም የለ፣ አድራሻም የለ። እኔ ከዚያች ስልቻ ያነሰች አላየሁም፤ ሳነብ ቀናሁ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ በሚበቃው ልክ ብቻ ይያዝ የሚል መርህ አለበት። ያኔ ይህ አዋጅ ቢኖር እኔ ምን ልባል ነበር እያልኩ አስባለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ አንተ ልጅ። «ሦስት ቦታ መጻፍ» ላልከው፦ በከፊል ልክ ነህ። አንዳንድ ኢንስትራክተር በየእርከኑ መሐል፣ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች መሐል ሳይቀር፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት መስክ ያለው ክላስ ያስጽፋል። ከማድ ቤት ወደ ጓዳ ለመሄድ አህያ መጫን ነው እሱ። እኔ ለትንሽ ሲስተም ስልቻ የምሠራው ሁለት ቦታ ነው፤ ከውጭ ሲገባ አንድ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ አንድ። ውስጥ ለውስጥ ሞዴሉ እንዳለ ቢዞር አይከፋኝም፤ የሚያየው የለም፤ መልኩም አንድ ነው። ውስጥ ያለው ክፍል አንድ ቀን ተለይቶ ሌላ ሰርቨር ላይ ከሄደ ያኔ በር ሆነ፤ ያኔ ይሠራለታል። ኢንስትራክተርህ ግን ፈተና ላይ ሦስት ካለ ሦስት ጻፍለት፤ ውጤትህን በኔ ምክንያት እንዳታበላሽ።

ልጅቷ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሳለች። ክፍል ቀየርንላት። ዩኒፎርሙን ዳግም ለብሳው ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሰልፍ ላይ ባየኋት ቁጥር ዓይኔን ነው የምሰብረው የነበረው። አሁን ትልቅ ሰው ናት። ይህን ከመጻፌ በፊት ደውዬ አስፈቅጃታለሁ። ትንሽ ዝም አለችና «ይጻፉት ቲቸር» አለች። «ግን ስሜን አይጻፉ፣ ትምህርት ቤቱንም አይጻፉ፣ ዓመተ ምሕረቱንም። እማዬ ያለችውን ይጻፉ።»

ሌላም የነገረችኝ ነበር፤ እሱ እኔ ጋ ይቆያል።

ሰኞ የሁለተኛው ሴሚስተር ማርክ ማስገባት እንጀምራለን። አዲሱን ሲስተም ለመሞከር ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ በተለይ በግሼና በመርሐቤቴ ያላችሁ መምህራን፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ኮዱን በፍላሽም ቢሆን አደርሳለሁ። ኤፍ 12 የምትችሉ ተማሪዎች ደግሞ ኑና ሞክሩት። ያገኛችሁትን ግን መጀመሪያ ለኔ አሳዩኝ።